የቀሩት ሰዎች ታሪክ፦ የመጨረሻው ዘመን ልብ ወለዶች ስታነቡ ምን ሆናችሁ?

የኮልፌዋ (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ክር የከፈትኩት ቤቴ ውስጥ መልስ ያጣሁለት ጥያቄ ስላለ ነው።

ባለፈው እሑድ 12 ዓመት የሞላት ልጄ ከቤተ ክርስቲያናችን የመጻሕፍት መደርደሪያ አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ተውሳ መጣች። ሽፋኑን ከሩቅ አይቼ አወቅሁት። የቲም ላሃይና የጄሪ ጄንኪንስ «ሌፍት ቢሃይንድ» ነው፤ በአማርኛ «የቀሩት» ብንለው ያስኬዳል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የመጀመሪያው ቅጽ።

ላላነበባችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። በአንድ ቅጽበት እውነተኛ አማኞችና ሕፃናት ሁሉ ከምድር ይሰወራሉ። ከቺካጎ ተነሥቶ ወደ ለንደን በሚበር ቦይንግ 747 ውስጥ ልብስ፣ ጫማና መነጽር ወንበር ላይ ቀርቶ ባለቤቶቹ የሉም። አብራሪው ሬይፎርድ ስቲል ከአንዲት የበረራ አስተናጋጅ ጋር ስለ መወዳጀት እያሰበ ነበር፤ ቤቱ ሲመለስ ሚስቱና ትንሹ ወንድ ልጁ ሄደዋል። ከዚያ ሰባት የመከራ ዓመታት ይከተላሉ፤ ኒኮላይ ካርፓቲያ የተባለ ሮማኒያዊ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ሆኖ ይነሣና ዓለምን ይጠቀልላል። ተከታታዩ 16 ቅጽ ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2007 ተጠናቀቀ፤ የተሸጠው ቅጂ ከ60 ሚሊዮን በላይ ነው።

እኔ ያነበብኩት በ15 ዓመቴ፣ ኮልፌ፣ ከአሜሪካ ለጉብኝት የመጣች የአክስቴ ልጅ ትታልኝ በሄደችው ቅጂ ነው። ጨርሼው ብዙም ሳልቆይ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በራችን ገርበብ ብሏል። ገባሁ። ከሰሉ ፍም ሆኗል፤ ጀበናው ገንፍሎ አመዱን አርሶታል፤ ሲኒዎቹ ረከቦቱ ላይ ተደርድረዋል። የእናቴ ነጠላ ወንበሩ ላይ ተጥሏል። ሰው የለም። «እማዬ!» ብዬ ተጣራሁ፤ ዝም። ጓሮ ወጣሁ፤ ዝም። ጉልበቴ ከዳኝና መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ያን ነጠላ እያየሁ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ፤ እናቴ ተነጥቃለች፣ እኔ ቀርቻለሁ።

ለካ እናቴ ጎረቤት ቤት የሞት መርዶ መጥቶ ጩኸት ሰምታ ነው እንዳለች የሮጠችው። ከሩብ ሰዓት በኋላ መጣች። «ምን ሆነሻል?» ስትለኝ አልነገርኳትም። እስከ ዛሬም አልነገርኳትም።

አሁን ያ መጽሐፍ የልጄ ትራስ ሥር ነው። ልከለክላት አልፈልግም፤ ዝም ብዬ ማለፍም አልቻልኩም። እናንተ እንዲህ ዓይነት መጻሕፍት ስታነቡ ምን ሆናችሁ? እምነታችሁን አጸኑት ወይስ አቆሰሉት?

---

ከዴንቨር

የኮልፌዋ እህቴ፣ ያ ነጠላ ልቤን ነካው። እኔን ያገኘኝ በፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በአዮዋ ግዛት በትንሽ ገንዘብ የተሠራ «ሌባ በሌሊት» የሚባል ፊልም አለ፤ አሜሪካ እንደመጣሁ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት አሳዩን። አንዲት ወጣት ሚስት ከእንቅልፏ ስትነቃ የባሏ የኤሌክትሪክ ጺም መላጫ መታጠቢያው ውስጥ ብቻውን እያንዘረዘረ ነው፤ ባልየው የለም። ደም የለ፣ ፍንዳታ የለ። የሚያንዘረዝር መላጫ ብቻ። ከዚያ በኋላ ባለቤቴ ማለዳ ወጥታ መብራት ሳታጠፋ በሄደች ቁጥር ስሟን እጣራ ነበር። የ30 ዓመት ጎልማሳ ነበርኩ። እንግዲህ ልጅን ምን ያደርጋታል?

---

የዱባይ እህት

እኔ የምናገረው ከሌላው ወገን ነው፤ በትዕግሥት አንብቡልኝ።

ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳ ነበር። አንድ እንግዳ ትቶት የሄደውን ይህንኑ መጽሐፍ፣ ባለቤቱ ስላልተመለሰለት፣ አለቃዬ ውሰጂው አለችኝ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለነበር በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ፣ ማታ ማታ በባትሪ ብርሃን፣ አራት ወር ፈጀብኝ። ስድስት ሆነን በምንተኛበት ክፍል ውስጥ ያ ብርሃን የእኔ ብቻ ነበር።

ያሸነፈኝ አውሮፕላኑም ጦርነቱም አይደለም። ብሩስ ባርንስ ነው። ብሩስ ፓስተር ነው፤ ሕመምተኞችን የሚጎበኝ፣ ቃሉን የሚያውቅ፣ ሰው የሚወደው። ሚስቱና ልጆቹ ሲወሰዱ እርሱ አልጋው ላይ ቀረ። ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ «ሁሉን አውቅ ነበር፤ ግን አላመንኩም ነበር» የሚለውን ሐሳብ ለእነ ሬይፎርድ ሲናዘዝ መጽሐፉን ዘግቼ አለቀስኩ። እኔም የመዘምራን ልብስ ለብሼ ነው ያደግሁት። መዝሙሩን በቃሌ አውቃለሁ። አገር ለቅቄ ከወጣሁ በኋላ ግን አንድ ቀን ጸልዬ አላውቅም ነበር። የዚያን ሌሊት ጸለይኩ።

«በፍርሃት የመጣ እምነት ነው» የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ በሩን ያንኳኳው ፍርሃት ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቤት ውስጥ ያቆየኝ ግን ፍርሃት አይደለም። ስለዚህ እህቴ፣ ልጅሽን አትከልክያት።

---

ልብ ወለድ ወዳጅ (አዲስ አበባ)

የዱባይ እህት ስለ ብሩስ ስትጽፍ ይህ ተከታታይ በጣም የሚያምርበት ቦታ ላይ ጣቷን አስቀምጣለች። እኔ 12ቱን ዋና ዋና ቅጾች አንብቤአለሁ። እንደ ልብ ወለድ ብዙ የምከስበት ነገር አለ፤ ሰዎቹ ሲነጋገሩ ስብከት ይሆናል፤ ግማሹ መጽሐፍ የስልክ ጥሪና የአውሮፕላን ጉዞ ነው፤ ካርፓቲያ ክፋቱ ከመጀመሪያው ገጽ ስለሚታወቅ የሚያታልለው አንባቢውን ሳይሆን ገጸ ባሕርያቱን ብቻ ነው። አስተናጋጇ ሃቲ ደግሞ ደራሲዎቹ ለቅጣት የፈጠሯት ትመስላለች፤ ባነበብኩ ቁጥር ታሳዝነኛለች።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የመጽሐፉ ትምህርት «እንዳትቀሩ» ነው። የመጽሐፉ ፍቅር ግን ከቀሩት ጋር ነው! የተነጠቁት ታሪክ የላቸውም፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ ልብሳቸውን ጥለው ይወጣሉ። የምንወዳቸው፣ የምንሳሳላቸው፣ እንዳይሞቱ የምንጸልይላቸው ሁሉ የቀሩት ናቸው። ተሰብስበው ያነባሉ፣ ይደባበቃሉ፣ እንጀራቸውን ይካፈላሉ፣ ስለ እምነታቸው በጊሎቲን አንገታቸውን ይሰጣሉ። ልብ ወለድ የራሱ እውነት አለው፤ ደራሲ የሚሰብከውን ትምህርት አልፎ እግሩ ወደሚወስደው ይሄዳል። እግሩ የወሰደው መከራ ውስጥ ጸንተው ወደ ቆሙት ሰዎች ነው።

ለኮልፌዋ፦ ልጅሽ አድጋ የዚህ ዓይነት ታሪክ ከወደደች የሩሲያዊውን የቭላድሚር ሶሎቪዮቭን እ.ኤ.አ. በ1900 የታተመውን የሐሳዊ መሲሕ አጭር ታሪክ ስጫት። እዚያ ሐሳዊው ቸር፣ ምሁር፣ ድሃ አፍቃሪ፣ ሥጋ እንኳን የማይበላ ሰው ነው። ለካቶሊኩ ሥልጣን፣ ለኦርቶዶክሱ ትውፊት፣ ለፕሮቴስታንቱ የመጽሐፍ ምርምር ተቋም ያቀርብላቸዋል፤ አብዛኛው ሰው ይከተለዋል። መጀመሪያ የሚለየው አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ነው፤ «ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው ክርስቶስ ራሱ ነው፤ እርሱን መስክር» ብሎ ሲጠይቀው ፊቱ ይለወጣል። መጨረሻ ላይ የሦስቱ ቤተ ክርስቲያን የቀሩት ጥቂቶች በጨለማ፣ በኮረብታ ላይ አንድ ይሆናሉ። ያ ታሪክ አላስፈራኝም፤ የያዝኩትን እንድመረምር አደረገኝ እንጂ።

---

የሐዋሳው

ሁላችሁም ስለ ልብ ወለድ አጻጻፍ ታወራላችሁ። ጥያቄው ግን እውነት ነው ወይስ አይደለም ነው። «እኛ ሕያዋን ሆነን የምንቀረው፥ ጌታን በአየር ለመቀበል ከእነርሱ ጋር በደመና እንነጠቃለን» የሚለው በመጀመሪያ ተሰሎንቄ 4፥17 የተጻፈ ነው። በማቴዎስ 24፥40 «ሁለት ሰዎች በእርሻ ይሆናሉ፤ አንዱ ይወሰዳል ሁለተኛውም ይቀራል» ይላል። የተጻፈ እስከሆነ ድረስ ልጅ ብትፈራ ምን ችግር አለው? ኖኅም ጎረቤቶቹን አስፈርቷል። የሚያስፈራ ነገር እየመጣ ዝም የሚል ነው ጨካኝ። ዛሬ መድረኮቻችን ስለ ብልጽግና ብቻ ይሰብካሉ፤ ስለ ጌታ መምጣት ለመጨረሻ ጊዜ ስብከት የሰማችሁት መቼ ነው? እኔ ይህን መጽሐፍ ለወጣቶች ቡድናችን በቃሌ ተርኬላቸዋለሁ፤ ደግሜም እተርካለሁ።

---

የደሴው ዲያቆን

በቅድሚያ፣ ኦርቶዶክሳዊ ነኝና ይህን መጽሐፍ ያነበብኩት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አብሮኝ የሚኖር ጴንጤ ወዳጄ ስለሰጠኝ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አንብቤዋለሁ፤ የሚይዝ መጽሐፍ ነው።

የሐዋሳው ወንድሜ፣ ስለ ምጽአት ስብከት መቼ ሰማችሁ ላልከው፣ እኛ በየዓመቱ እንሰማለን። የዐቢይ ጾም አምስተኛ እሑድ ደብረ ዘይት ነው፤ ወንጌሉም ማቴዎስ 24 ነው። ጾሙ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ጌታ በግርማው እንደሚመጣ፣ ዐይን ሁሉ እንደሚያየው ይነገረናል። በስውር የሚሆን ንጥቀት፣ ከዚያ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ ሌላ መምጣት የሚል ትምህርት ግን አባቶቻችን አላስተማሩንም። ይህን አከፋፈል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ በብሪታንያና በአየርላንድ ያስፋፋው ጆን ኔልሰን ዳርቢ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1909 የወጣው የስኮፊልድ ማብራሪያ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በአሜሪካ ቤት ሁሉ አስገባው። ልብ ወለዱ የቆመው በዚያ ላይ ነው።

አንተ የጠቀስከውን ጥቅስ እኔም እቀበላለሁ። ቃሉን ግን በአማርኛችን አስተውለው፤ «ለመቀበል» ይላል። እኛ እንግዳ እንዴት ነው የምንቀበለው? ወጥተን፣ መንገድ ላይ ደርሰን፣ አጅበን ወደ ቤት እንመለሳለን። እንግዳውን ይዘን ወደመጣበት አንሄድም። በማቴዎስ 25 ደናግሉ «ሙሽራው ይመጣል፥ ትቀበሉት ዘንድ ውጡ» ሲባሉ ወጥተው ከሙሽራው ጋር ወደ ሰርጉ ነው የገቡት። ይህ ቃል ማምለጥን አይናገርም። ንጉሥን ማጀብን ይናገራል። መጽሐፉን ሳነብ ያጣሁት ይህን ነው።

ሌላም ነገር ልጨምር። የመጨረሻ ዘመን ታሪክ ከባሕር ማዶ የመጣልን እንዳይመስለን። አያቴ የእህል ዋጋ ሲወደድም ልጅ አባቱን ሲሳደብም «ስምንተኛው ሺህ!» ትላለች። «ፍካሬ ኢየሱስ» ስለ መጨረሻው ዘመን ክፋትና ቴዎድሮስ ስለሚባል ጻድቅ ንጉሥ ይናገራል፤ ደጃዝማች ካሣ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሥ ያን ስም የመረጠው በዚሁ ትንቢት ነው። በአሜሪካው ልብ ወለድ በኢየሩሳሌም ግንብ ሥር የሚቆሙት ሁለቱ ምስክሮች ኤሊና ሞይሼ ይባላሉ፤ የእኛ ሊቃውንት ግን ሄኖክና ኤልያስ ናቸው ብለው ያስተምራሉ። ይህን ሳነብ ብዕር አንስቼ ዳር ላይ «ሄኖክስ?» ብዬ ጻፍኩ። መጽሐፉ የወዳጄ ነበር፤ አልተቆጣኝም።

---

የሐዋሳው

ወንድሜ ዲያቆን፣ «መቀበል» ላይ ያልከውን አስብበታለሁ። ንጥቀትን ግን ያስተማረኝ ዳርቢ አይደለም፤ ጳውሎስ ነው። ዳርቢን ዛሬ ነው ስሙን የሰማሁት።

---

አወያይ

ወገኖች፣ ክሩ በአንባቢ ስሜት ላይ ይቆይ። የትምህርተ ሃይማኖት ክርክር ለሚፈልጉ ሌላ ክፍል አለ።

---

ከኔታንያ

እኔ ክርስቲያን አይደለሁም፤ ቤተ እስራኤል ነኝ። አማርኛ ማንበብ ስለምወድ እዚህ እመጣለሁ። የሥራ ባልደረባዬ የሆነ አሜሪካዊ «ስለ አገርህ ነው» ብሎ የሰጠኝን መጽሐፍ አንብቤ ለማንም ያልተናገርኩት ነገር አለ፤ እዚህ ልናገረው።

በዚያ ታሪክ ውስጥ እኛ አለን። ቤተ መቅደሱ ይሠራል፤ አንድ ትልቅ ረቢ በቴሌቪዥን ቀርቦ መሲሑ ኢየሱስ ነው ብሎ ያውጃል፤ 144,000 አይሁድ ሰባኪዎች ይሆናሉ፤ የተረፉት በዮርዳኖስ አገር ወዳለችው ጥንታዊ ከተማ ወደ ፔትራ ይሸሻሉ። ደራሲዎቹ ይወዱናል፤ ይህ ይታያል። የሚወዱን ግን የሰዓታቸው እጅ ስለሆንን ነው። እኛ ስንንቀሳቀስ እነርሱ ሰዓቱን ያነባሉ።

አባቴ ከጎንደር ገጠር ተነሥቶ በሱዳን በረሃ ሲሄድ ሁለት ልጆቹን መንገድ ላይ ቀብሯል። እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ ቤተ እስራኤልን ከሱዳን በአውሮፕላን ባወጣው በሙሴ ዘመቻ እስራኤል ገባ። ኢየሩሳሌምን የናፈቀው ስለ ራሱ ነው፤ ስለ አባቶቹ ጸሎት። ለሌላ ሰው መጽሐፍ ምዕራፍ ሊሆን አልመጣም። መጽሐፉን ስዘጋ የተሰማኝ ቁጣ አልነበረም፤ ቤቴ ውስጥ አንድ እንግዳ ገብቶ ዕቃዬን በራሱ ሥርዓት እየደረደረ ያለ መሰለኝ። ክርስቲያን ወዳጆቼ፣ ስታነቡት እኛን ሰው አድርጋችሁ አንብቡን።

---

የዱባይ እህት

ከኔታንያ ለጻፍከው ወንድሜ፣ ስለ ሁለቱ ልጆች እግዚአብሔር ያጽናችሁ። በእኔ ንባብ እነዚያን ምዕራፎች «መቼ ይሄ አልፎ ወደ እነ ሬይፎርድ እንመለሳለን» እያልኩ ነው የገለጥኳቸው። አሁን አፍሬአለሁ።

---

ነርሷ (አዳማ)

እኔ የምጽፈው በሥራዬ ስላየሁት ነው።

በኮሮና ጊዜ ክትባት ስንሰጥ ከመርፌው ይልቅ «666»ን፣ በራእይ የተጻፈውን የአውሬውን ምልክት፣ የሚፈሩ ሰዎች ይበዙ ነበር። አንዲት እናት እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው፤ «ሳላውቅ ብቀበለውስ?» አለችኝ። በዓመቱ አክስቴ ለመታወቂያ አሻራ አልሰጥም ብላ ተመሳሳይ ነገር ተናገረች፤ «ሳላውቅ ብቀበለውስ?» ይህ «ሳላውቅ» ከየት መጣ ብዬ ብዙ አሰብኩ።

ከመጽሐፍ ቅዱስ አይደለም። ራእይ 14፥9 ምልክቱን መቀበልን ለአውሬውና ለምስሉ ከመስገድ ጋር አንድ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ማንም ተኝቶ አይሰግድም። በተከታታዩ ልብ ወለድ ግን ምልክቱ ከቆዳ ሥር የሚገባ ትንሽ መሣሪያ ነው። ከዚያም ቻንግ የሚባል አማኝ ወጣት አባቱ አስገድዶት፣ መድኃኒት ተወግቶ ራሱን በማያውቅበት ሰዓት ምልክቱ ይደረግበታል። ብዙ አንባቢ በዚህ ተጨንቋል፤ እኔም ያን ምዕራፍ ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን ከራሴ ጋር ስከራከር ነበር። አክስቴ መጽሐፉን አላነበበችም፤ ስሙንም አታውቅም። ታሪኩ ግን ከመጽሐፍ ወደ ስብከት፣ ከስብከት ወደ ስልክ መልእክት፣ ከስልክ ወደ ቡና ጨዋታ እየወረደ እጇ ላይ ደርሷል። በቃል የሚተረክ ነገር «ልብ ወለድ» የሚለው ጽሑፍ ሽፋኑ ላይ አይከተለውም። የሐዋሳው ወንድሜ፣ ለወጣቶቹ ስትተርክላቸው የትኛው ከራእይ፣ የትኛው ከደራሲው እንደሆነ ለይተህ ንገራቸው። እለምንሃለሁ።

ያቺ እናት ክትባቱን ሳትወስድ ሄደች። ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

---

ጡረተኛው መምህር (ነቀምት)

ልጆቼ፣ ጽሑፋችሁን ከሁለት ቀን ጀምሮ እየተከታተልኩ ነው። ዐይኔ ስለደከመ የልጅ ልጄ ታነብልኛለች፤ አሁንም የምናገረውን እርሷ ናት የምትጽፈው።

በደርግ ዘመን ወጣት አስተማሪና ወንጌላዊ ነበርኩ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተወስደው ተገደሉ። በዚያው ዓመት እኛ ትንንሾቹም በየወረዳው ተለቅመን ታሰርን። በአንዲት ክፍል 31 ሰው ነበርን፤ ግማሹ በጎኑ ሲተኛ ግማሹ ይቀመጣል። አንድ ሐዲስ ኪዳን በዳቦ ውስጥ ተደብቆ ገባልን። ፍተሻ ስለነበረ መጽሐፉን ቅጠል በቅጠል ገነጣጠልነውና ተካፈልነው፤ ቢያዝ አንዱ እንጂ ሁሉ እንዳይጠፋ። ለእኔ የደረሰኝ ራእይ ምዕራፍ 2 እና 3 ነው። «ዲያብሎስ ከእናንተ አንዳንዶቹን በወኅኒ ሊያገባችሁ አለው፥ አሥር ቀንም መከራን ትቀበላላችሁ» ይላል። ወጣቶች ስለነበርን አሥሩን ቀን ግድግዳ ላይ በከሰል ቆጠርን። አሥረኛው ቀን አለፈ፤ ማንም አልተፈታም። እንደገና ከአንድ ጀመርን። የእኛ አሥር ቀን አራት ዓመት ከሰባት ወር ሆነ።

አሜሪካ የሚኖረው ልጄ ከብዙ ዓመት በኋላ ይህን ልብ ወለድ አመጣልኝ። በሦስት ሌሊት ጨረስኩት። ስለ አጻጻፉ አልፈርድም። አንድ ነገር ግን አጥንቴን ነካው፤ በዚያ መጽሐፍ ቤተ ክርስቲያን ከመከራው በፊት ትወጣለች። መጽሐፉን ደረቴ ላይ አድርጌ እነዚያን 31 ሰዎች አንድ በአንድ ቆጠርኩ። እኛ ቀርተን ነበርን? አልተወደድንም ነበርን? በዚያ ክፍል ውስጥ ጌታ እንዳለ የማውቀውን ያህል ዛሬ በዚህ ለስላሳ ወንበር ላይ አላውቀውም። ይህን ታሪክ የጻፉት ሰዎች ክፉ አይደሉም፤ ነገር ግን መከራን ያሰቡት እንደሚመጣ ነገር ነው። እኛ የምናውቀው እንደነበረ ነገር ነው። ልብ ወለድ ወዳጅ የተባለው ልጄ «የመጽሐፉ ፍቅር ከቀሩት ጋር ነው» ሲል የልጅ ልጄን ሁለት ጊዜ አስነበብኳት። እነ ብሩስ ቤት ዘግተው መጽሐፍ ሲካፈሉ ሳነብ እኔም ያን ክፍል ነው ያየሁት።

ሐዋሳ ላለኸው ልጄ፦ ቅንዓትህን እግዚአብሔር አይውሰድብህ። ወጣቶቹን ስታስተምር ግን «እንዳትቀሩ» ከምትላቸው ጋር «ብትቀሩም እርሱ ከእናንተ ጋር ነው» ብለህ ጨምርላቸው።

---

የሐዋሳው

መምህር፣ ይህን በዝምታ ላልፈው አልቻልኩም። አያቴ በዚያ ዘመን ሶዶ ታስረው ነበር፤ ስለ እስሩ አንድም ቀን አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም። አሁን የሉም። ንጥቀትን አሁንም አምናለሁ፤ ይህን ልደብቅዎት አልፈልግም። ለወጣቶቹ ግን በሚመጣው ቅዳሜ ከልብ ወለዱ በፊት የእርስዎን ክፍል ልተርክላቸው እፈልጋለሁ፤ ይፈቅዱልኛል?

---

ነርሷ

መምህር፣ ሌሎቹ ቅጠሎች የት ደረሱ? የእርስዎስ አለ?

---

የኮልፌዋ (ሜሪላንድ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እያንዳንዱን ሁለት ሦስት ጊዜ አንብቤአለሁ።

ትናንት እናቴ ዘንድ ደወልኩ። ከ20 ዓመት በላይ ያልነገርኳትን ስለ ጀበናው ነገርኳት። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ። «ያን ጊዜ ነው?» አለችኝ፤ «ሦስት ቀን ሙሉ ቀሚሴን ይዘሽ ስትከተይኝ የነበረው? ሽንት ቤት ስገባ እንኳን በሩ ላይ ትቆሚ ነበር። ያ መርዶ አስደንግጦሽ መስሎኝ ስንት ቀን ጸልዬልሻለሁ።» ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። እኔ ለካ የደበቅሁት መስሎኝ ነው እንጂ እርሷ ያን ሁሉ ዓመት ምን እንደነካኝ ስታስብ ኖራለች።

ለልጄ መጽሐፉን አልወሰድኩባትም። አልጋዋ ላይ ጎን ለጎን ሆነን ሁለት ምዕራፍ አነበብን። ልብሶቹ ወንበር ላይ የቀሩበት ቦታ ስንደርስ ድምፄ ተያዘ፤ እርሷ አየችኝና «እማዬ፣ እኔ ባነብ ይሻላል» ብላ ተቀበለችኝ። ስትጨርስ የጠየቀችኝ ስለ ሐሳዊ መሲሕ አይደለም። «ሕፃናቱ ሁሉ ከሄዱ ውሾቻቸውን ማን ያበላል?» አለችኝ። እኔ በ15 ዓመቴ ስለ ራሴ ብቻ ነበር የፈራሁት።

ነገ ሦስተኛው ምዕራፍ ነው። በየመካከሉ እንቆምና ራእይን ከፍተን እናስተያያለን፤ ነርሷ እህቴ ያለችውን ይዤ። የብሩስ ቦታ ስንደርስ ስለ ዱባይ እህት እነግራታለሁ፣ ፈቃድሽ ከሆነ።

---

የዱባይ እህት

ንገሪያት። ባትሪውንም ንገሪያት።

---

ጡረተኛው መምህር (ነቀምት)

ሐዋሳ ያለኸው ልጄ፣ ተርክላቸው። ስሜን ግን አትጥራ፤ «31 ሰዎች» በላቸው።

ነርሷ ልጄ፣ ስለ ቅጠሎቹ ለጠየቅሽኝ፦ አብዛኛው በፍተሻ ተወሰደ። የእኔ በቀሚስ እጥፋት ውስጥ ተሰፍቶ ወጣ፤ አሁን መስታወት ውስጥ አድርጌዋለሁ። ከእርሱ ጋር ሌላ አንድ ቅጠል አለ። አጠገቤ ይተኛ የነበረ የ19 ዓመት ልጅ ነው ይዞት የነበረው። አንድ ሌሊት ስሙ ተጠርቶ ሲወጣ እጄን ፈልጎ በጨለማው ውስጥ ቅጠሉን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝና ሄደ። ሲነጋ በብርሃን አየሁት። ማቴዎስ 24 ነው፤ ቁጥር 40 እና 41 ያሉበት።